ስለ ዱባዩ ቤት ጉዳይ ለመረዳጃ ማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር

ይህ ንግግር ባለፈው እሑድ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ የተሰማ ነው። ለቅሶ ላይ የነበሩና ሥራ ያልለቀቃቸው አባላት እንዲያነቡት ስለ ጠየቁ በሰሌዳው ላይ ለጥፈነዋል።



ዛሬ የሰበሰብናችሁ ስለ ድንኳኑና ስለ ወንበሩ አይደለም። ድንኳኑ ተሰፍቷል፤ ወንበሩም ተቈጥሮ የጐደለው ሁለት ብቻ ነው፤ የወሰደው ሰው ራሱን ያውቃል፣ ይመልስ። የዛሬው ጉዳይ በየቡናው ላይ ሲወራ የከረመው የዱባዩ ቤት ነው።

እንደሚታወቀው በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ወር ከከተማችን ትላልቅ ሆቴሎች በአንዱ ውስጥ የውጭ አገር ቤት ሻጮች ኤግዚቢሽን አዘጋጅተው ነበር። ከኮሚቴው ሦስታችን፣ ማለትም ሰብሳቢው፣ ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው ሄድን። ለምን ሄዳችሁ ብትሉን፣ የማኅበሩ ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ ዋጋው እየወደቀ ነው የሚለው የአባላት ቅሬታ እውነት ስለ ነበረ ነው። ድሮ አንድ ቀብር በደንብ የሚያስወጣ ብር ዛሬ ለንፍሮውና ለድንኳን ተካዩ እንኳ አይበቃም። እናም ገንዘቡ ወልዶ የሚያድግበትን መንገድ ፈልጉ ብላችሁ የላካችሁን እናንተው ናችሁ።

እዚያ ስንደርስ ቴምር በሰሃን፣ ቡና በሲኒ ቀረበልን። በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የሕንፃው አምሳያ ተሠርቶ፣ በየመስኮቱ ትንንሽ መብራት በርቶ፣ ከሥሩ ሰማያዊ ባሕር ተዘርግቶበታል። ሱፍ የለበሰ አንድ ጐረምሳ «ጋሼ፣ እርስዎ በረንዳዎ ላይ ቁጭ ብለው ባሕሩን እያዩ ቁርስዎን ይበላሉ፤ ካልመጡም ይከራያል፣ ኪራዩ እዚህ ድረስ ይላክልዎታል» አለ። ከሦስታችን አንዳችን ባሕር ዳርን እንኳ ያላየን ነን፤ የዱባይን ባሕር ዳርቻ ልንገዛ ተቀመጥን።

የተነገረን ይህ ነው። ቤቱ ባለ አንድ ክፍል ነው፤ ስፋቱ 400 ስኩዌር ፊት፣ ዋጋው 640,000 ድርሃም። ቅድሚያ 20 በመቶ ይከፈላል፤ ከዚያ በየወሩ አንድ በመቶ፣ የቀረው ቤቱ ሲያልቅ። ቁልፉ ከሠላሳ ወር በኋላ ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ ኪራዩ በዓመት 7 በመቶ ያስገባል። አራት መቶ ሲባል እኛ ትልቅ መስሎን ነበር። ማታ ከሰፈራችን ግንበኛ ጋር ስናሰላው ወደ 37 ካሬ ሜትር ሆነ። ይህ የተቀመጣችሁበት አዳራሽ ከዚያ ይበልጣል።

ሒሳቡን እነሆ። በዚያን ሰሞን ባንክ አንዱን ድርሃም የሚመነዝረው 35 ብር ገደማ ነበር። 20 በመቶው 128,000 ድርሃም ስለ ሆነ በብር 4 ሚሊዮን 480 ሺህ ይመጣል። ማኅበሩ 2 ሚሊዮን 900 ሺህ ብር አለው። አርባ ቤተሰብ ሃምሳ ሃምሳ ሺህ ብር ቢጨምር 2 ሚሊዮን፤ ድምሩ 4 ሚሊዮን 900 ሺህ። ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል ብለን ደስ አለን።

እዚህ ላይ የምንናዘዘው አለን። ያንኑ ዕለት ቤቱ ለሌላ ሰው እንዳይሸጥ ማስያዣ 5,000 ድርሃም ክፈሉ ተባልን። ደላላው በራሱ ምንዛሪ በ36 ብር አስልቶ 180,000 ብር አለን። በማግስቱ ሦስታችን ፈርመን ከማኅበሩ ሒሳብ አውጥተን በእጁ ሰጠነው። ደንባችን ከ20,000 ብር በላይ ያለ ጠቅላላ ስብሰባ ውሳኔ እንዳይወጣ ይከለክላል። ይህን ደንብ የጻፍነው ራሳችን ነን፤ በራሳችን እጅ አፈረስነው። ደረሰኝ ተሰጠን፤ ግን ቤት ሠሪው ኩባንያ የለበትም፣ የማኅበራችንም ስም የለበትም፤ የሰብሳቢያችን ስም ብቻ ነው ያለው፣ እሱም አንድ ፊደል ተሳስቶ። ሰውየው ለሁለት ሳምንት ስልክ አነሣ። ከዚያ ማንሣት ተወ። ከዚያ ቁጥሩ አይሠራም ይል ጀመር።

ገንዘቡን ሦስታችን ስድሳ ስድሳ ሺህ ብር ከኪሳችን ተክተናል። የመጨረሻው ክፍያ የገባበት የባንክ ወረቀት ገንዘብ ያዡ ዘንድ አለ፤ ማንም አባል መጥቶ ሊያይ ይችላል። ይህን የምንነግራችሁ እንድታዝኑልን አይደለም። ሰፈር ውስጥ «ኮሚቴው ቤቱን ለራሱ ገዝቶ ደብቆናል» የሚል ወሬ አለ፤ እንዲያው በአምላክ ምን ቤት ገዝተን!

ከዚያ በኋላ ግን ዝም ብለን አልተቀመጥንም። ከአባሎቻችን የአንዷ ልጅ ዱባይ ውስጥ በሕንፃ ጥገና ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል። እናቱ ስልኩን ሰጡን፣ እኛም ማታ ማታ እየደወልን ጠየቅነው። ልጁ ባረፈበት ቀን ሕንፃው ይቆማል የተባለበት ቦታ ድረስ ሄዶ አየልን። አጥር አለ፣ አሸዋ አለ፣ ትልቅ ሥዕል የተለጠፈበት ሰሌዳ አለ። ባሕር የለም። ባሕሩ ከዚያ በመኪና ግማሽ ሰዓት ነው። በመስተዋቱ ሣጥን ውስጥ ያየነው ሰማያዊ ነገር ሊቈፈር የታሰበ የመዋኛ ገንዳ መሆኑን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ሕጉንም ልጁ ከሚያውቁ ሰዎች እየጠየቀ አስረዳን። ድሮ ዱባይ ውስጥ የውጭ አገር ሰው መሬትና ቤት በስሙ አይገዛም ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 ተፈቀደ፤ በ2006 ደግሞ በሕግ ቁጥር 7 ጸና፤ ያውም ገዥው በለዩአቸው ሠፈሮች ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ ዓለም ሁሉ ጐረፈ። ገና ያልተሠራ ቤት ከሰው ወደ ሰው፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ዋጋው ጣሪያ ነካ። በ2008 መጨረሻ ፈረሰ። ዋጋው ከነበረበት ከግማሽ በታች ወረደ፤ የመንግሥት የሆነው ዱባይ ወርልድ የሚባለው ድርጅት እንኳ በኅዳር 2009 ዕዳ የምከፍልበትን ቀን አራዝሙልኝ አለ፤ ጎረቤቷ አቡዳቢ 10 ቢሊዮን ዶላር አውጥታ ነው የደገፈችው። በዘንባባ ቅርጽ ባሕር ውስጥ ከሚሠሩት ደሴቶች ፓልም ጀበል ዓሊ የሚባለው በ2002 ተጀምሮ በዚያ ቀውስ ቆመ፤ አዲስ ዕቅድ ወጥቶለት እንደገና የተነሣው በ2023 ነው። በመጀመሪያው ጊዜ እዚያ ቤት የገዛ ሰው ልጁ ተወልዶ ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ ጠብቋል ማለት ነው። የዓለም ካርታ መስሎ የተሠራው ወደ 300 የሚሆን የአሸዋ ደሴትም አብዛኛው ለብዙ ዓመት ባዶውን ተኝቶ ኖሯል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለውን አባቶቻችን የተረቱት ዱባይን ሳያዩ ነው።

ሐቁን ለመናገር ግን ከዚያ ወዲህ ሕጉ ጠብቋል። በ2007 በወጣው ሕግ ቁጥር 8 መሠረት ያልተሠራ ቤት የሚሸጥ ኩባንያ የገዢውን ገንዘብ ለዚያ ሕንፃ ብቻ በተከፈተ የአደራ ሒሳብ ውስጥ ማስገባት አለበት፤ ኤስክሮ ይሉታል። ለሌላ ጉዳይ ሊያወጣው አይችልም። ሽያጩም በመሬት መምሪያው ጊዜያዊ መዝገብ በገዢው ስም መግባት አለበት። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ሕጉ የሚጠብቀው በአደራ ሒሳቡ ውስጥ የገባን ገንዘብ ነው። በደላላ እጅ የገባ 180,000 ብርን የዱባይ ሕግ ከየት አውቆት ይጠብቀዋል?

ደላላው ያልነገረን ሌላም አለ። ቤት ሲመዘገብ ለመሬት መምሪያው የዋጋው 4 በመቶ ይከፈላል። ለእኛ ቤት 25,600 ድርሃም ነው፤ በዚያን ጊዜው ምንዛሪ 896,000 ብር። ይህ ከቅድሚያው ጋር ሲደመር 5 ሚሊዮን 376 ሺህ ይሆናል። ተረፈን ያልነው ገንዘብ ገና ሳንጀምር 476,000 ብር ጐደለ።

ወርኃዊው ይባስ። አንድ በመቶ ሲሉት ቀላል ይመስላል፤ 6,400 ድርሃም ነው። በ35 ብር ሲመታ በወር 224,000፣ ለአርባ ቤተሰብ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ 5,600 ብር። ለዕድር በወር መቶ ብር አጥታችሁ ይቅርታ የጠየቃችሁን አባላት አላችሁ፤ እኛም ይቅር ብለናል። 5,600 ብር ለሠላሳ ወር ከየት ይመጣል? ይህም ምንዛሪው ባለበት ቢቆም ነው። ድርሃም ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር 3.6725 ድርሃም ነው፣ አይነቃነቅም። የሚነቃነቀው የእኛ ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶ አለፈ። ያን ጊዜ ይህን ቤት እየከፈልን ቢሆን ኖሮ በሰኔ 100,000 ብር የከፈልነውን በመስከረም ከ170,000 በላይ እንጠየቅ ነበር። ቤቱ ያው፣ አሸዋው ያው።

መክፈል ካቃተንስ? ጸሐፊው ከስድስተኛ ክፍል በላይ ስላልተማርን ይህን ክፍል ልጁ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነው ያስረዳን። ገዢ ሲያቋርጥ ኩባንያው በመሬት መምሪያው በኩል የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ያሰጣል። ከዚያ ሕንፃው ተጀምሮ ሥራው 60 በመቶ ካልደረሰ፣ ውሉን አፍርሶ ከቤቱ ዋጋ እስከ 25 በመቶ ለራሱ ሊያስቀር ይችላል፤ 60 በመቶ ካለፈ እስከ 40 በመቶ። ልብ በሉ፣ ከከፈልነው ላይ አይደለም፣ ከቤቱ ሙሉ ዋጋ ነው። የ640,000 ሩቡ 160,000 ነው። እኛ ቅድሚያውን 128,000 ከፍለን፣ ለአምስት ወር 32,000 ጨምረን በስድስተኛው ወር ብናቆም፣ የከፈልነው ልክ 160,000 ነው። አንዲት ሳንቲም አትመለስም።

ስለ ኪራዩ ብዙ አንልም። 7 በመቶ የሚሉት ቤቱ ካለቀ፣ ተከራይ ካገኘና ወጪው ካልተቈጠረ ነው። ለሕንፃው ጥበቃ፣ ለአሳንሰርና ለጽዳት በየስኩዌር ፊቱ በዓመት የሚከፈል አለ። በብዙ ሕንፃዎች ቀዝቃዛ ውሃ በቧንቧ የሚያቀርብ ድርጅት አለ፤ ቤቱ ባዶውን ቢዘጋም የእሱ ወርኃዊ ክፍያ አይቆምም። በበጋው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ ያለ ማቀዝቀዣ መኖር የለም። ዝናብ አያውቃትም ስትባል ደግሞ ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. በአንድ ቀን የወረደው ዝናብ አውሮፕላን ማረፊያውን ሳይቀር አጥለቅልቆ መኪናውን ሁሉ አንሳፎት ነበር። መኖሪያ ፈቃድ ታገኛላችሁ የተባልነውም፣ የአሥር ዓመቱ ፈቃድ ከ2022 ወዲህ የሚሰጠው 2 ሚሊዮን ድርሃም ለሚያወጣ ንብረት ነው። የእኛ ሲሶውም አይሞላ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ቤቱ በማን ስም ይገባል? ዕድር ዱባይ ሄዶ ቤት በስሙ አያስመዘግብም። በሰው ስም ነው የሚሆነው፤ ሰብሳቢያችን «በእኔ ስም ይሁን» ብለው ነበር፣ በቅንነት። ሰው ግን ሟች ነው፤ ይህን ከዕድር በላይ የሚያውቅ የለም። ባለ ስሙ ያለ ኑዛዜ ቢሞት እዚያ ያለው ንብረት በእዚያ አገር ሕግ ይከፋፈላል። እስላም ከሆነ በሸሪዓ፤ እስላም ካልሆነ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ ግማሹ ለትዳር ጓደኛ፣ ግማሹ ለልጆች፣ ሴት ወንድ ሳይባል እኩል። በዚያ ወረቀት ላይ «የሰፈሩ መረዳጃ ማኅበር» የሚል ቃል የለም። የሰብሳቢያችንን ልጆች እንወዳቸዋለን፣ ክፉ ናቸው አላልንም። ግን ሦስት መቶ ቤተሰብ የልጆችን ደግነት ሲለምን እንዲኖር እንፈርማለን?

ገንዘቡም እንዴት ይሄዳል የሚለው አለ። ደላላው «ግዴለም፣ በእጅ ስጡኝ፣ እዚያ በድርሃም ይገባል» ነበር ያለን። ብር ሰብስቦ ከጥቁር ገበያ በሰው እጅ ውጭ መላክ በአገራችን ሕግ ወንጀል ነው። ከዚያም በላይ እንዲህ የሄደ ገንዘብ የእናንተ መሆኑን የሚያስረዳ አንድም ወረቀት አይኖርም። ብትከሰሱ እናንተ ናችሁ ተከሳሹ፣ ብትዘረፉ ደግሞ የምትከሱት የለም።

እኛም የሰፈሩን ሽማግሌዎች ስናማክር አንድ አባታችን፣ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ትርፍ ቤታቸው የተወረሰባቸው፣ የተናገሩን ከአእምሯችን አልወጣም። «እኔ ያኔ ቤቴን ሲወስዱብኝ ቢያንስ በበሩ እያለፍኩ አየው ነበር» አሉ።

የዕድር ገንዘብ እኮ ሌላ ዓይነት ገንዘብ ነው። ሬሳ ቀጠሮ አይቀበልም። ባለፈው ክረምት በአንድ ሌሊት ሁለት ቤት ለቅሶ ሲገባ ገንዘብ ያዡ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥተው ነው ሣጥንና መኪና ያስያዙት። ያን ሌሊት ገንዘባችን አሸዋ ውስጥ የተተከለ ሰባት ሜትር ጉድጓድ ቢሆን ኖሮ ለሐዘንተኛዋ ምን እንላታለን? የኮሚቴው አቋም ይህ ነው፦ የማኅበሩ 2 ሚሊዮን 900 ሺህ ብር ከዚህ አገር አይወጣም። ወለድ ባይጠግብም ግማሹን በጊዜ ገደብ ሒሳብ፣ ግማሹን ሲፈለግ በሚወጣ ሒሳብ እናስቀምጥ እንላለን። ውሳኔው ግን የእናንተ ነው።

በግላቸው ለመግዛት ያሰቡ አባላት እንዳሉ እናውቃለን፤ እነሱን አትግዙ ለማለት ሥልጣን የለንም። ዱባይ ቤት የገዛ ሁሉ ተታሏል አላልንም። እዚያ እየኖረ በድርሃም ደመወዝ የሚያገኝ፣ የተሠራ ቤት በዓይኑ አይቶ የገዛ ሰው ሌላ ነው። የሚያስጨንቀን እዚህ ያለውን ሸጦ እዚያ ያለውን የሚጠብቀው ነው። ከታችኛው መንደር አንዲት እናታችን ሁለቱን የኪራይ ክፍሎቻቸውን ሸጠው ልጃቸው እዚያ ለምትገዛው ቤት ቅድሚያ ሊልኩላት ገዢ ፈልገው ነበር። ልጅቱ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጽዳት ሥራ ደክማለች፤ የራሴ የምለው በር ይኑረኝ ማለቷ አይፈረድባትም። በእሳቸው ፈቃድ በስልክ አነጋገርናት። የምታጸዳቸው ባሕር ዳር ያሉ ቤቶች ባለቤቶቻቸው በዓመት አንድ ሳምንት የሚመጡባቸው፣ ሌላውን ጊዜ አቧራ ብቻ የሚኖርባቸው እንደ ሆኑ ነገረችን። «የወር ክፍያው ስንት ነው?» ብለን ጠየቅናት። ከደመወዟ በእጥፍ ይበልጣል። የቀረውን ኪራዩ ይሸፍናል ብለዋታል፤ ቤቱ ግን ገና አልተጀመረም። እናትየው ክፍሎቹን አልሸጡም። ልጅቱ ትንሽ ተቀይማናለች።

መግዛቱ የግድ ነው የሚል አባል ካለ፣ ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን ይዞ ይምጣ። ዱባይ ሬስት የሚባል የመሬት መምሪያው የስልክ ፕሮግራም አለ፤ ሕንፃው መመዝገቡን፣ ስንት በመቶ እንደ ተሠራና ደላላው ፈቃድ ያለው መሆኑን እዚያ ላይ ማየት ይቻላል። ከሰፈሩ ወጣቶች ሁለቱ ሊያሳዩአችሁ ፈቃደኞች ናቸው። የአደራ ሒሳቡን ቁጥር ከደላላው አፍ አትቀበሉ። በእጅ አትክፈሉ። ቦታውን የሚያይ ሰው ከፈለጋችሁ የጥገና ሠራተኛው ልጃችን ባረፈ ቀን ሄዶ ፎቶ አንሥቶ እንደሚልክ ቃል ገብቷል፤ የታክሲውን ግን አስቡለት።

በገንዘቡ ላይ ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው እሑድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እዚሁ አዳራሽ ነው። የእኛ የሦስታችን ጥፋትም በዚያው ዕለት በአጀንዳ ቁጥር 2 ይታያል፤ ውይይቱን እኛ አንመራም፣ ከመካከላችሁ ሰብሳቢ ትመርጣላችሁ። ያ ደረሰኝ ከዚህ ወረቀት ጎን ተለጥፏል፤ አንዱ ፊደል የተሳሳተው በላይኛው መስመር ላይ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ